ሴል መስበሪያ መሣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ለባዮኬሚስትሪ ላብ ዝርዝር መመሪያ

ሁለት ዓመት ያህል የጠበቅነው ሶኒኬተር (ሴልን በድምፅ ርግብግቢት የሚሰብር ማሽን) የመጣ ዕለት ሳጥኑን የከፈትነው ተሰብስበን ነው። ፕሮፎርማ፣ ጨረታ፣ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ፣ ጉምሩክ፣ ሁሉንም አልፎ የመጣ ዕቃ ነበር። ከውስጡ የወጣው ቲፕ (ናሙናው ውስጥ የሚጠልቀው ዘንግ) ግን አንድ ብቻ ሆነ፤ 13 ሚሊ ሜትር የሚወፍር። ተማሪዎቻችን የሚሠሩት በ1 ሚሊ ሊትር ናሙና ነው። ያ ቲፕ ደግሞ እነሱ በሚጠቀሙበት ቱቦ አፍ እንኳ አይገባም። ቀጭኑን ቲፕ ለብቻው ለማስመጣት ሌላ አንድ ዓመት ፈጀ። ያን ሁሉ ጊዜ ማሽኑ ፕላስቲኩ ሳይነሳለት መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ፣ አንዲት ተማሪያችንም የመመረቂያ ሥራዋን ርዕስ ለመቀየር ተገደደች። የሻጩ ጥፋት አልነበረም። ስፔስፊኬሽኑ ላይ የጻፍነው "ሶኒኬተር፣ 500 ዋት" የሚል ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሴል መስበሪያ ሊገዛ የሚያማክረኝ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ካታሎጉን እንዲዘጋው ነው የምነግረው። መጀመሪያ ሴሉን እወቁ። ቀጥሎ ከሴሉ ውስጥ የምትፈልጉትን፣ ከዚያ የናሙናውን መጠን። እነዚህ ሦስቱ ከታወቁ የማሽኑ ምርጫ ብዙ አያከራክርም። በዚሁ ቅደም ተከተል እንሂድ።

ደረጃ 1፦ የምትሰብሩት ምን ዓይነት ሴል ነው?

ቀይ የደም ሴልን ንጹህ ውሃ ውስጥ ጨምሩት። ውሃውን ስቦ ራሱ ይፈነዳል፣ ማሽን አይጠይቅም። ፍላስክ ውስጥ ያደገ የእንስሳ ሴልም ግድግዳ ስለሌለው በጥቂት ዲተርጀንት (ሳሙና መሰል ኬሚካል) ወይም በእጅ በሚሠራ የብርጭቆ መፍጫ ይበተናል። ኢ ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ከዚህ ጠንከር ይላል። ስስ የፔፕቲዶግላይካን ግድግዳ አለው፣ ከላዩ ደግሞ ሁለተኛ ሽፋን ደርቧል። ግራም ፖዘቲቭ ባክቴሪያዎች ላይ ያ ግድግዳ በብዙ እጥፍ ይወፍራል። ስታፊሎኮከስ አውረስ ላይ ግድግዳ የሚበላውን ላይሶዛይም የተባለ ኢንዛይም ጨምራችሁ ምንም ለውጥ ካላያችሁ አትገረሙ፣ ይህ ባክቴሪያ ላይሶዛይምን ይቋቋማል፤ ለእሱ ላይሶስታፊን የሚባል ሌላ ኢንዛይም ነው የሚሠራው። የቲቢ ባክቴሪያና ዘመዶቹ ሰም በመሰለ ስብ ስለተሸፈኑ ከሁሉም ይብሳሉ።

እርሾ ለብቻው ይታይ። ግድግዳው በግሉካን፣ በማናንና በጥቂት ካይቲን የተሠራ ወፍራም ነገር ነው፣ ሶኒኬተር ብቻውን እርሾ ላይ ይደክማል። በ1897 (እ.ኤ.አ.) ጀርመናዊው ኤድዋርድ ቡክነር የቢራ እርሾን ከኳርትዝ አሸዋና ከዳያቶም አፈር ጋር በሙቀጫ ወቀጠው። ከዚያ በሃይድሮሊክ መጭመቂያ ጨምቆ ጭማቂውን አወጣ። ጭማቂው ውስጥ አንድም ሕያው ሴል ሳይኖር ስኳር ሲጨመርበት አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሠራ። በ1907 የኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለመው በዚህ ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ፣ ምክንያቱም ሙያችን በሙቀጫና ዘነዘና የተጀመረ መሆኑን ማወቅ ውድ ማሽን የሌለው ላብ ውስጥ የሚሠራን ሰው ልብ ያጠነክራል። አሸዋው ዛሬ የብርጭቆ ዶቃ ሆኗል፣ ሐሳቡ ግን አልተለወጠም፦ እርሾ የሚሰበረው በጠጣር ነገር ሲፈጭ ነው።

ተክል ሁለት ጣጣ አለው። አንዱ የሴሉሎስ ግድግዳው ነው። ሁለተኛው ሴሉ ሲሰበር ከውስጡ የሚወጣው ፌኖል ነው፤ የተላጠ ድንች እንደሚጠቁረው ሁሉ ላይሴታችሁም (ከተሰበረው ሴል የወጣው ፈሳሽ) ይጠቁራል፣ ፕሮቲኑም ከፌኖሉ ጋር ተጣብቆ ይበላሻል። የጤፍ ወይም የእንሰት ቅጠል የምትሠሩ ከሆነ ከማሽኑ ይልቅ በበፈራችሁ (ፒኤችን በሚጠብቀው ፈሳሽ) ውስጥ ያሉት፣ ከፌኖል የሚከላከሉት ፒቪፒፒና መርካፕቶኢታኖል ውጤታችሁን ይወስኑታል።

የእንስሳ ቲሹ እንደ ቲሹው ይለያያል። ጉበት ለስላሳ ነው። ጡንቻ፣ ቆዳና ልብ ጅማታም ስለሆኑ መጀመሪያ በመቀስ ይከተፋሉ፣ ከዚያ ስለት ባለው ማሽን ይፈጫሉ።

ደረጃ 2፦ ከውስጡ ምን ልታወጡ ነው?

ፕሮቲኑን ጄል (ፕሮቲኖችን በመጠናቸው የሚለይ) ላይ ለማየት ብቻ ከሆነ፣ ለኢ ኮላይ ማሽን አትግዙ። ሴሉን ኤስዲኤስ የሚባል ዲተርጀንት ባለበት ሳምፕል በፈር ውስጥ ማፍላት ይበቃል። ብዙ ሰው ይህን ዘሎ ነው ወደ ካታሎግ የሚሮጠው።

በፈሳሹ ውስጥ የሚሟሟ ኢንዛይም ከፈለጋችሁ ብዙዎቹ ዘዴዎች ይሠራሉ፣ ዋናው ጠላታችሁ ሙቀት ነው። ማይቶኮንድሪያውን ሳይቀደድ ከፈለጋችሁ ግን ሶኒኬተርን እርሱት። ለዚህ ፖተርና ኤልቪየም በ1936 ያስተዋወቁት መፍጫ እስካሁን አልተሻረም። የብርጭቆ ቱቦ አለው፣ ዛሬ በአብዛኛው ከቴፍሎን በልኩ የሚሠራ ዘነዘና አለው፣ በ0.25 ሞላር ሱክሮስ ውስጥ ቀስ ተብሎ ከላይ ወደ ታች ይገፋል። ከልኳንዳ ቤት ትኩስ የበግ ጉበት በበረዶ ይዛችሁ መጥታችሁ በዚያው ጠዋት ማይቶኮንድሪያ ማውጣት ትችላላችሁ። ለማስተማሪያ ላብ ከዚህ የተሻለ ወጪ ቆጣቢ ልምምድ አላውቅም።

የሜምብሬን ፕሮቲን የምትሠሩ ደግሞ ከመስበሪያው በፊት ሴንትሪፊውጃችሁን (ናሙናን በፍጥነት አዙሮ የሚያዘቅጠውን ማሽን) ተመልከቱ። ሶኒኬተር ሜምብሬኑን ወደ ጥቃቅን ፊኛዎች ይበታትነዋል፣ እነሱን ለማዝቀጥ 100,000 ጂ (የመሬት ስበት 100,000 እጥፍ) ገደማ የሚያዞር አልትራሴንትሪፊውጅ ያስፈልጋል። የላባችሁ ሴንትሪፊውጅ 15,000 ጂ ላይ የሚቆም ከሆነ በጣም አድቅቆ የሚሰብር መሣሪያ ጠቀማችሁ ማለት አይደለም። ቆሻሻው ከፕሮቲናችሁ ጋር ተንሳፍፎ ይቀራል፣ ፕሮቲን የምታጠሩበትን ኮለምም ይደፍናል።

ደረጃ 3፦ መጠን

ወረቀት አውጡና ባለፉት ስድስት ወራት ላባችሁ ውስጥ የተሰበሩ ናሙናዎችን ጻፉ። ስንት ናሙና በቀን? እያንዳንዱ ስንት ሚሊ ሊትር? "ወደፊት ብዙ ልንሠራ እንችላለን" የሚለውን ተዉት፣ የተሠራውን ጻፉ። በቀን 24 ናሙና በ1 ሚሊ ሊትር የሚሠራ ላብና በሳምንት አንድ ጊዜ 200 ሚሊ ሊትር የሚሠራ ላብ ፍጹም የተለያየ ማሽን ነው የሚያስፈልጋቸው።

ደረጃ 4፦ መሣሪያዎቹን እንያቸው

ሙቀጫና ዘነዘና። የፖርሰሊን ይሁን። ለቅጠል፣ ለሥር፣ ለፈንገስ፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን ከተሠራ አሁንም አንደኛ ነው። ናይትሮጅኑ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ስለሆነ ቲሹው እንደ ብርጭቆ ይሰባበራል፣ ኢንዛይሞቹም ለመሥራት ጊዜ አያገኙም። ሙቀጫውን ቀድማችሁ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት፣ ዱቄቱ መቅለጥ ሳይጀምር ወደ በፈሩ ገልብጡት። ናይትሮጅን የሚቀዳበት ክፍል መስኮቱ ይከፈት። አንድ ሊትሩ ሲተን ወደ 700 ሊትር ገደማ ጋዝ ይሆናል፣ አየሩን አባርሮ ሰው ሊጥል ይችላል። ናይትሮጅን ያለበት ቱቦ ክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ ከተዘጋ ደግሞ ይፈነዳል።

ዶቃና ቮርቴክስ (ቱቦ የሚያንቀጠቅጥ ትንሽ ማሽን)። ገንዘብ ከሌላችሁ እዚህ ጀምሩ። ለእርሾ 0.5 ሚሊ ሜትር የሆነ በአሲድ የታጠበ የብርጭቆ ዶቃ ግዙ፣ ለባክቴሪያ 0.1 ሚሊ ሜትር። ቱቦው ውስጥ የዶቃውና የሴሉ ፈሳሽ መጠን ተቀራራቢ ይሁን። ሠላሳ ሰከንድ ቮርቴክስ፣ ሠላሳ ሰከንድ በረዶ፣ ይህን ስምንት አሥር ጊዜ ድገሙ። ክንድ ያደክማል፣ ከሰው ሰውም ይለያያል፣ ግን ይሰብራል። በአሲድ ያልታጠበ ዶቃ አትጠቀሙ፣ የበፈሩን ፒኤች ሊያዛባው ይችላል።

ቢድ ቢተር ማለት ይኸው ሥራ በሞተር ሲሠራ ነው። በእኔ እምነት ለእርሾ፣ ለግራም ፖዘቲቭ ባክቴሪያና ብዙ ትናንሽ ናሙና ላለው ላብ የመጀመሪያው ግዢ መሆን ያለበት ይህ ነው። 2 ሚሊ ሊትር ቱቦዎች ብዙ ሆነው አንድ ላይ ይሠራሉ፣ ቱቦው ዝግ ስለሆነ የሚረጭ ነገር የለም፣ ሁሉም ናሙና እኩል ይመታል። ጉድለቱ ሙቀት ነው፤ አንድ ደቂቃ ከሠራ ቱቦው በእጅ ሲነካ ይሞቃል። ስለዚህ አንድ ደቂቃ አሠርታችሁ ሁለት ደቂቃ በረዶ ላይ አስቀምጡ። ሌላው ወጪው ነው። ዶቃና ቱቦ አላቂ ዕቃ ናቸው። አምራቹ የራሱን ልዩ ቱቦ ብቻ የሚቀበል ማሽን ካቀረበላችሁ እለፉት፣ ቱቦው ሲያልቅ ማሽኑ አብሮ ይቆማል። የተለመደውን ባለ ቡሎን ክዳን 2 ሚሊ ሊትር ቱቦ የሚቀበል ይሁን።

ፕሮብ ሶኒኬተር። ለኢ ኮላይ ዋናው ይህ ነው፣ ሰውም በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ነው። ብዙውን ጊዜ በ20 ኪሎ ኸርዝ የሚርገበገብ የታይታኒየም ዘንግ ነው። ፈሳሹ ውስጥ ጥቃቅን አረፋዎች ተፈጥረው ሲፈነዱ በዙሪያቸው ያለውን ሴል ይሰብራሉ።

ዋቱን አይታችሁ አትግዙ። ዋት ማሽኑ ከፍ ቢል ሊሰጥ የሚችለው ጉልበት ነው፣ ሥራ ላይ ግን አምፕሊቱዱን (የቲፑ ጫፍ የሚርገበገብበትን ርቀት) ለመጠበቅ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ይወስዳል። ለናሙናችሁ የሚገደው የቲፑ ውፍረትና አምፕሊቱዱ ነው። 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው ቀጭን ቲፕ ከ1 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ይሠራል። 13 ሚሊ ሜትሩ ደግሞ ከ10 ወይም ከ20 ሚሊ ሊትር ጀምሮ እስከ 200 ድረስ። ሁለቱንም ግዙ፣ ከቀጭኑ አንድ ትርፍ ጨምሩ። ቀጭን ቲፕ አምራቹ ከፈቀደው አምፕሊቱድ በላይ ከተገፋ ይሰነጠቃል፣ አየር ላይ ፈሳሽ ሳይነካ ከበራም እንደዚሁ።

አጠቃቀሙን አንዴ ልጻፈው፣ ምክንያቱም ማሽኑ እየበራ እየጠፋ መሥራት (ፑልስ) እና ሰዓት ቆጣሪ ያስፈልገው ወይስ አያስፈልገው የሚለውን ይመልሳል። 1 ግራም እርጥብ ፔሌት (ሴንትሪፊውጅ ያዘቀጠው የሴል ክምር) በ5 ወይም በ10 ሚሊ ሊትር በፈር በትኑ። ቱቦውን በረዶና ውሃ ያለበት ጆግ ውስጥ አቁሙ። በረዶ ብቻውን በቂ አይደለም፣ በመሀሉ አየር ስለሚገባ ሙቀት በደንብ አይወስድም። ቲፑ ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ይጥለቅ፣ ግድግዳውንም ታቹንም አይንካ። 10 ሰከንድ አብሩ፣ 20 ወይም 30 ሰከንድ አሳርፉ። የበራበት ጊዜ ተደምሮ ከ2 እስከ 5 ደቂቃ ሲደርስ ወተት የመሰለው ፈሳሽ እየጠራ ይመጣል። ፈሳሹ ላዩ ላይ አረፋ ካወጣ ወዲያው አቁሙ፣ ይህ አረፋ ፕሮቲን ይገድላል፤ ቲፑን ዝቅ አድርጉ ወይም አምፕሊቱዱን ቀንሱ። ጆሮ መከላከያ አድርጉ፤ ከተቻለ የድምፅ ሳጥኑንም አብራችሁ ግዙ። ሰው አልሰማውም ብሎ ይንቀዋል፣ ማሽኑ ግን ከ20 ኪሎ ኸርዝ በታች የሆነ የሚያሳክክ ጩኸትም አለው።

የሶኒኬተር ቲፕ ያልቃል። ሥራ ሲበዛ ጫፉ ይጎደጉዳል፣ ይሻክራል፣ የታይታኒየም ብናኝ ናሙናው ውስጥ ይገባል። ይህ ብልሽት አይደለም፣ እንደ ጎማ የሚቀየር ነገር ነው፤ በጀት ያዙለት።

ሮተር ስቴተር። እንደ ጁስ መፍጫ ነው ብላችሁ አስቡት፣ ግን ቀጭን ዘንግ ጫፍ ላይ የተሠራ። ፖሊትሮንና አልትራ ቱራክስ የሚባሉት እዚህ ይመደባሉ። ለጉበት፣ ለኩላሊት፣ ለጡንቻ ጥሩ ነው። ነጠላ ባክቴሪያን አይሰብርም፣ በጥርሶቹ መሀል ያልፈዋል። ዘንጉ በቀላሉ የሚፈታና የሚታጠብ ካልሆነ አትግዙት፣ የትናንቱ ቲሹ ዛሬ ናሙናችሁ ውስጥ ይገኛል።

ከፍተኛ ግፊት ሆሞጀናይዘርና ፍሬንች ፕሬስ። የሁለቱም ሐሳብ አንድ ነው፣ ሴሉን በከፍተኛ ግፊት በጠባብ ቀዳዳ ማስወጣት። ለ50 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ኢ ኮላይ እንደ ሆሞጀናይዘሩ የሚሆን የለም። አንድ ወይም ሁለት ዙር በ1,000 ባር ይጨርሳል። ግን ሒሳቡን ሥሩ። በየ100 ባሩ ፈሳሹ ወደ 2.4 ዲግሪ ይሞቃል። በ4 ዲግሪ የገባ ናሙና በ1,000 ባር 28 ዲግሪ ሆኖ ይወጣል ማለት ነው። መውጫው ላይ ማቀዝቀዣ የሌለውን አትቀበሉ። ዋጋው በአስር ሺዎች ዶላር ነው፣ የጎማ ቀለበቶቹና ቫልቩ ያልቃሉ፣ ያልተበተነ ጓል ሴል ከገባበት ይደፈናል። ለአንድ ላብ አልመክረውም። ሦስት አራት ላቦች ተባብረው አንድ ባለሙያ ከመደቡለት ግን ወርቅ ነው።

ኢንዛይምና ዲተርጀንት። ላይሶዛይም ከእንቁላል ነጭ የሚወጣ ኢንዛይም ነው። በፒኤች 8 ከኢዲቲኤ ጋር ሆኖ የኢ ኮላይን ግድግዳ በግማሽ ሰዓት ያላላዋል፣ ከዚያ ሶኒኬሽኑ በግማሽ ጊዜ ሊያልቅ ይችላል። ጄል ላይ 14 ኪሎ ዳልተን ገደማ አዲስ ባንድ ካያችሁ አትደናገጡ፣ እሱ ራሱ ላይሶዛይሙ ነው። ትራይተን የሚባለውን ዲተርጀንት ከተጠቀማችሁ ፕሮቲን በብራድፎርድ (በቀለም የመለኪያ ዘዴ) ስትለኩ ያዛባባችኋል። እንዲህ ሲሰበር ዲኤንኤው ሳይቆራረጥ ስለሚወጣ ላይሴቱ እንደ ተልባ ይዝለገለጋል። ዲኤንኤን የሚቆራርጠውን ዲኤንኤዝ ጨምሩ፣ ግን ዲኤንኤዝ ማግኒዝየም ይፈልጋል፣ ኢዲቲኤ ደግሞ ማግኒዝየሙን ይይዝበታል። ስለዚህ ከኢዲቲኤው የሚበልጥ ማግኒዝየም አስገቡ።

ደረጃ 5፦ ማሽኑ የሚቀመጥበትን ቦታ ተመልከቱ

ካታሎግ ላይ የማይገኘው ይህ ነው። ብዙ የላብ መሣሪያዎች ማኑዋል ላይ "እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ" የሚል መስመር አለ። አዲስ አበባ ከዚያ በላይ ናት፣ ጎንደርም፣ ደሴም፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትርን ታልፋለች። አየሩ ስስ ሲሆን ማራገቢያው ማሽኑን በደንብ አያቀዘቅዘውም፣ የኤሌክትሪክ ክፍሎቹም የሚሠሩበት የደህንነት ልክ ይለወጣል። አይሠራም ማለት አይደለም፣ ብዙዎቹ ይሠራሉ። ግን ከመግዛታችሁ በፊት የከተማችሁን ከፍታ ጽፋችሁ ለአምራቹ ላኩ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ዋስትና ላይ ክርክር ሲነሳ ያ ወረቀት ያስፈልጋችኋል። ባሕር ዳር፣ ሐዋሳና ጅማ ያላችሁ ከዚህ ጣጣ ነፃ ናችሁ።

መብራት። የኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ በእርዳታ ወይም በወዳጅ በኩል የሚመጣ ዕቃ ብዙ ጊዜ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፣ ኸርዙን ግን አይነካም። ፍጥነቱ በኸርዙ የሚወሰን ሞተር እዚህ ሲመጣ በስድስት አንድ እጅ ገደማ ይዘገያል፣ ይሞቃልም። ውጭ ያላችሁ ወገኖች የምትሠሩበት ላብ አሮጌ ዕቃ ሲያስወግድ ለሀገር ቤት ልትልኩ ስታስቡ፣ እባካችሁ መጀመሪያ ከኋላው ያለውን ታርጋ ፎቶ አንስታችሁ ለሚቀበለው ላብ አሳዩ። "100-240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ" የሚል ከሆነ ላኩት። ቲፖቹንና ማኑዋሉን አብራችሁ ላኩ።

ስታቢላይዘር የግድ ነው። በጄኔሬተር የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ሞተር ያለው ማሽን ሲነሳ ከተለመደው ፍጆታው ብዙ እጥፍ እንደሚስብ አስቡና ልኩን ከኤሌክትሪክ ባለሙያ ጋር ወስኑ። መብራት በመሀል ሲጠፋ ግማሹ የተሰበረ ናሙና ላይ ፕሮቲን የሚበላው ፕሮቲኤዝ መሥራቱን አያቆምም። ስለዚህ በረዶው አስቀድሞ በብዛት ይዘጋጅ። ፕሮቲኤዝን የሚያግደው ፒኤምኤስኤፍ በፒኤች 8 በክፍል ሙቀት በግማሽ ሰዓት ገደማ ውስጥ ግማሹ ስለሚያልቅ፣ ልትሰብሩ ስትሉ ጨምሩት እንጂ ጠዋት በፈር ስትሠሩ አይደለም።

ፈሳሽ ናይትሮጅን የት እናገኛለን የሚል ጥያቄ ብዙ ይመጣል። የኮርማ ዘር የሚያቆዩ የከብት ማዳቀያ ማዕከሎች ዘንድ ሂዱ። ቃሊቲ ያለው ማዕከል ለዚህ ነው ናይትሮጅን የሚጠቀመው፤ በየክልሉም ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ አሉ። ዩኒቨርሲቲያችሁ ደብዳቤ ይጻፍ፣ መያዣውን ዲዋር ግን እናንተ ያዙ።

አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልችልም። ቲቢ፣ ብሩሴላ ወይም ሌላ ሰው የሚያሳምም ነገር የምትሠሩ ከሆነ፣ ክፍት ቱቦ ላይ የሚሠራ ፕሮብ ሶኒኬተር አትግዙ። ጀርሙን አየር ላይ ይረጨዋል። ዝግ ቱቦ ያለው ቢድ ቢተር ይሁን፣ ባዮሴፍቲ ካቢኔት (አየሩ የሚጣራ የመሥሪያ ሳጥን) ውስጥ የሚገባ መጠን ይኑረው፣ ማሽኑ ከቆመ በኋላ ቱቦው ጥቂት ደቂቃ ሳይከፈት ይቆይ። ከተቻለ ከመሰበሩ በፊት ባክቴሪያው ይገደል።

ደረጃ 6፦ ሳትገዙ ሞክሩ

ማሽኑ ያለበት ሌላ ላብ ፈልጉ፤ አንድ ቀን ይበቃል። የራሳችሁን ሴል በበረዶ ይዛችሁ ሂዱ። 10 ሚሊ ሊትር ሴል መስበር ጀምሩና በበራበት በየ30 ሰከንዱ 100 ማይክሮ ሊትር ቅዱ። በ12,000 ጂ 10 ደቂቃ አዙሩት፣ ከላይ ካለው ፈሳሽ ፕሮቲን ለኩ፣ የኢንዛይማችሁንም አክቲቪቲ (የመሥራት አቅም) ለኩ። ሁለቱንም በአንድ ግራፍ ላይ ሣሉ። ፕሮቲኑ መጨመር ያቆመበት ነጥብ የመስበሪያ ጊዜያችሁ ነው። ፕሮቲኑ እየጨመረ አክቲቪቲው መውረድ ከጀመረ ናሙናው እየሞቀባችሁ ነው።

ከመቶ ስንቱ እንደተሰበረ ለማወቅ ከዚያው ሴል ጥቂት ወስዳችሁ በ1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ 10 ደቂቃ አሙቁት፣ ጠቅላላ ፕሮቲኑን ይሰጣችኋል። ስታንዳርዱንም (መጠኑ የታወቀውን ማነጻጸሪያ ፕሮቲን) በዚያው መንገድ አሙቁት። ፕሮቶኮሉ 95 ዲግሪ ቢል ሂት ብሎክ (ቱቦ የሚያሞቅ የብረት ማሞቂያ) ተጠቀሙ፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ድስት ውስጥ ያለው ውሃ እዚያ አይደርስም።

ይህን ግራፍ ይዞ ግዢ ክፍል የሄደ ሰው ክርክሩ ይቀልለታል።

ደረጃ 7፦ ስፔስፊኬሽኑን በማሽኑ ችሎታ ጻፉ

በመንግሥት ግዢ የሚጻፈው ብራንድ ሳይሆን ማሽኑ ሊያደርግ የሚገባው ነገር ነው። መስፈርቱን አሟልቶ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ብዙ ጊዜ ስለሚያሸንፍ ያልጻፋችሁት ነገር አይመጣም። ለሶኒኬተር ዛሬ ብጽፍ እንዲህ እል ነበር፦ "ከ1 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ናሙና የሚሰብር፣ 20 ኪሎ ኸርዝ፣ አምፕሊቱድ የሚስተካከልና በስክሪን የሚታይ፣ ፑልስና ሰዓት ቆጣሪ ያለው፣ ከ3 ሚሊ ሜትር ቲፕ ሁለት፣ ከ13 ሚሊ ሜትር አንድ፣ የድምፅ ሳጥንና መቆሚያ ያለው፣ 220 ቮልት 50 ኸርዝ፣ በ2,400 ሜትር ከፍታ እንደሚሠራ አምራቹ በጽሑፍ ያረጋገጠ፣ የአንድ ቀን ሥልጠና የሚሰጥ።"

ዋስትናውን በተመለከተ "ከተተከለበት ቀን ጀምሮ" ይባል። "ከተላከበት ቀን" ከተባለ ዕቃው ጉምሩክና መጋዘን ውስጥ እያለ ዓመቱ ያልቃል። ወኪሉ መለዋወጫ እዚህ ይኑረው አይኑረው ጠይቁ፤ ከዚህ ቀደም ከገዛ ላብ ጋር ደውላችሁ ተነጋገሩ። ዋጋው የሚታሰበው በዶላር ስለሆነ ፕሮፎርማው ላይ የሚጸናበት ቀን ይጻፍ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብሩ ምን ያህል እንደተቀያየረ ሁላችንም አይተናል፣ ሁለት ወር የቆየ ፕሮፎርማ በጀት አያስይዝም።

በጀቱ ትንሽ ለሆነ ለሚጀምር ላብ የእኔ ቅደም ተከተል ይህ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሙቀጫ፣ ዳውንስ (በእጅ የሚሠራ የብርጭቆ መፍጫ) ወይም ፖተር፣ ጥሩ ቮርቴክስና ሁለት ዓይነት ዶቃ። በሁለተኛው፣ እርሾና ጠንካራ ባክቴሪያ የምትሠሩ ከሆነ ቢድ ቢተር፣ ኢ ኮላይ ላይ ፕሮቲን የምታመርቱ ከሆነ መካከለኛ ሶኒኬተር ከነቲፖቹ። ሁለቱን አንድ ላይ ለመግዛት ብላችሁ የሁለቱንም ርካሽ አትውሰዱ።

ደረጃ 8፦ የመጣ ቀን

የርክክብ ቅጽ ማሽኑ ሳይሞከር አይፈረም። ከሱቅ የዳቦ እርሾ ግዙና በስኳርና በየስት ኤክስትራክት ሌሊቱን አሳድጉት፣ የደረቀው እንዳለ ከተሞከረ ብዙ የሞተ ሴል ስላለበት ያታልላል። ኢ ኮላይም አብራችሁ አሳድጉ። ቴክኒሻኑ ባለበት፣ በራሳችሁ በፈር፣ በደረጃ 6 የሠራችሁትን ግራፍ ድገሙ። ሶኒኬተር ከሆነ ለኢ ኮላይ፣ ቢድ ቢተር ከሆነ ለእርሾ። ማሽኑን ስሙት፣ ካበቃ በኋላ የናሙናውን ሙቀት በቴርሞሜትር ለኩ፣ አንድ ጠብታ ማይክሮስኮፕ ሥር አስቀምጣችሁ ስንቱ እንደተሰበረ ቁጠሩ። የአዲሱን ቲፕ ጫፍ በስልካችሁ ቀርባችሁ ፎቶ አንሱና ከነቀኑ አትማችሁ ማሽኑ ጎን ለጥፉ። ከስድስት ወር በኋላ "ሶኒኬተሩ ደከመ" የሚል ተማሪ ሲመጣ መጀመሪያ የምታዩት ያን ፎቶና የዛሬውን ጫፍ ነው።